እመጫቷ ከበላችው ስንቱ ሕፃኑ ጋ ይደርሳል?

ባለፈው አንዲት ዘመዳችንን አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ቤቱ የአብሽና የቅቤ ሽታ ይዞታል። ገንፎው ቀርቧል፤ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ተሞልቶበታል። እመጫቷ ከዳር ቆረስ አድርጋ ልታጠቅስ ስትል፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ ስልኳን አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «በማጥባት ጊዜ ቅባት የሚያበዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ያጋልጣሉ።» ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

አማትየው ቱግ አሉ። «እናንተ ደግሞ! እኛ ምን በልተን ነው ያሳደግናችሁ? ብዪ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ።»

እመጫቷ በላች። ግን ቅቤው ያለበትን ትታ ከዳር ከዳሩ ብቻ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ከዳር ከዳር መብላት ነው። ርዕሱ ከሜዳ አልተነሣም፤ ከጀርባው እውነተኛ ጥናት አለ። ያልተነገራት ግን ጥናቱ የተሠራው አይጥ ላይ መሆኑ ነው። አማትየውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሙሉ በሙሉም ልክ አይደሉም።

ወተቱ የሚሠራው ከምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ጡትን እንደ ቧንቧ እናስበዋለን። በአፍ የገባው በጡት የሚወጣ ይመስለናል። ጡት ግን ቧንቧ ሳይሆን ማድ ቤት ነው። ጥሬ ዕቃውን ከደም ይወስዳል፣ ወተቱን ራሱ ይሠራል።

ከወተቱ ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 7 በመቶ ያህሉ ላክቶስ የሚባል የወተት ስኳር፣ ከ3 እስከ 5 በመቶው ስብ፣ 1 በመቶ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ላክቶሱን ጡት እዚያው ይሠራዋል። እናትየዋ ማር ብትልስም ሽሮ ብትበላም መጠኑ ያው ነው። ፕሮቲኑም ያን ያህል አይነቃነቅም። የስቡ ነገር ለየት ይላል፤ እመለስበታለሁ።

እናት በደንብ ካልበላችስ ወተቱ ይቀንሳል?

እንግዳ የመጣበትን ቤት አስቡት። ጓዳው ቢራቆትም ማዕዱ ሞልቶ ይቀርባል። እንግዳው ጠግቦ ይሄዳል፣ ቤተሰቡ በኋላ ቆሎ ይቆረጥማል። የእናት ሰውነት ከሕፃኑ ጋር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ጋምቢያ ውስጥ ኬኔባ የምትባል መንደር አለች። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እዚያ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ምግብ ለሚያጥራቸው የሚያጠቡ እናቶች በየቀኑ ተጨማሪ ምግብ ሰጧቸው፤ ወተታቸው ይጨምራል ብለው ጠብቀው ነበር። አልጨመረም። ቀድሞውንም ከጓዳቸው እየቀነሱ ለሕፃኑ ሲሰጡ ነበርና። ጥቅሙ የታየው በእናቶቹ በራሳቸው ላይ ነው።

ወተት በዋናነት የሚመጣው ሕፃኑ ሲጠባ ነው። ጡቱ ባዶ በሆነ ቁጥር ሰውነት «ጨምር» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። በርትቶ የሚጠባ ሕፃን በአንድ ቀን 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ይህን ለመሥራት እናትየዋ ከወትሮው 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋታል። ካልበላችው ከሰውነቷ ይወሰዳል። ካልሲየሙ ከአጥንቷ፣ ብረቱ ካጠራቀመችው። አጥንቷ ጡት ካስጣለች በኋላ በአብዛኛው ይመለሳል። በላይ በላይ ለምትወልድና ጓዳዋ ለማይሞላ ሴት ግን ዕዳው ይደራረባል። ስለዚህ «ሕፃኑ ደህና ነው» ማለት «እናትየዋ ደህና ናት» ማለት አይደለም።

ታዲያ ከሳህኗ በቀጥታ የሚያልፍ ነገር የለም?

አለ እንጂ። ጓዳ ውስጥ የማይጠራቀሙ፣ ወይም እናት ራሷ ካነሳት ለሕፃኑም የሚያንሱ ነገሮች አሉ። ቫይታሚን ኤ፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ6፣ ቢ12፣ ኮሊን፣ አዮዲንና ሴሌኒየም ከዚህ ወገን ናቸው። እናት ካነሳት ወተቷም ያንሰዋል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተፈተገ ሩዝ ብቻ የሚበሉ እናቶች ቢ1 አጥሯቸው፣ ወፍራም የሚመስሉ ጡት ጠቢ ሕፃናት በድንገት ልባቸው ደክሞ የሞቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ወተቱ ነበር። የጎደለው በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

ቫይታሚን ዲ ደግሞ በእናት ወተት ውስጥ በተፈጥሮው ትንሽ ነው። የእኛ እናቶች ሕፃን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት በከንቱ አይደለም። ፀሐይ እምብዛም በማይታይበት አውሮፓ የሚያሳድጉ እህቶቻችን ከሐኪም የሚሰጣቸውን ጠብታ «ምን ያደርጋል» ብለው ቢተዉት ግን ያሳስባል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ይመክራል።

አሁን ወደ ስቡ። የስቡ አጠቃላይ መጠን በእናት ምግብ ብዙም አይለዋወጥም። ይበልጥ የሚለወጠው ሕፃኑ አንድ ጊዜ ሲጠባ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ቀጠን ያለ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ወፈር ያለ ነው። የስቡ ዓይነት ግን የእናትየዋን ድስት ይመስላል። ዓሣ የምትበላ እናት ወተት ለአእምሮና ለዓይን የሚጠቅመው ኦሜጋ 3 ይበዛበታል። ፋብሪካ ያረጋው ዘይት ያለበት ምግብ የምታዘወትር ከሆነም ያ ጎጂ ስብ ወተቱ ውስጥ ይገኛል። ተልባ ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነት ዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት የሚቀይረው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው።

ጣዕምም ያልፋል። ፊላደልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት የሚያጠቡ እናቶች የነጭ ሽንኩርት እንክብል ወሰዱ። ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ወተታቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት መሽተት ጀመረ። ሕፃናቱ ፊታቸውን አዞሩ? የለም፤ ጡቱ ላይ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በካሮት ጭማቂ የተደረገ ጥናትም እናታቸው የጠጣችውን ጣዕም ሕፃናቱ በኋላ ምግብ ሲጀምሩ በቀላሉ እንደሚቀበሉት አሳይቷል። የሐበሻ ልጅ ለወጥ እንግዳ የማይሆነው በዚህም ይሆናል።

«ሜታቦሊዝም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰውነት የገባለትን ምግብ እንዴት እንደሚያስተዳድረው ማለት ነው። ስንቱን አሁን ያቃጥል? ስንቱን በስብ መልክ ያስቀምጥ? ረሃብ መቼ ይሰማው? ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያወጣል፤ እሱም የሴሎችን በር ከፍቶ ስኳሩን ያስገባል። ይህ ሥርዓት ሲበላሽ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የጉበት ስብና ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር በሽታ ይከተላሉ።

የረሃብና የጥጋብ ሚዛኑ ያለው አእምሮ ውስጥ ነው፤ ሃይፖታላመስ በምትባል የአልሞንድ ፍሬ የምታህል ቦታ። ሚዛኑ በመጀመሪያው የዕድሜ ዘመን ይስተካከላል። ባለሙያዎች የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት የሚሉት ያንን ዘመን ነው፤ 270 ቀን በሆድ ውስጥ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። የዋናው ጥያቄ መነሻም ይህ ነው። ሚዛኑ ገና እየተስተካከለ ሳለ የሚመጣው ወተት ያዛባው ይሆን?

አይጦቹ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመንና አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ። እርጉዝ አይጦችን ደህና ምግብ አበሏቸው። ሲወልዱ፣ የማጥባት ጊዜ ላይ ብቻ፣ ለከፊሎቹ ቅባት የበዛበት ምግብ ሰጡ። ግልገሎቹ ሲያድጉ ወፈሩ፣ የደም ስኳራቸውን መቆጣጠርም አቃታቸው። አእምሯቸው ሲታይ እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መዘርጋት የነበረባቸው ነርቮች በደንብ አልተዘረጉም። አጥፊው በከፊል ከልክ ያለፈ ኢንሱሊን ነበር። ለስልኩ ርዕስ መነሻ የሆኑት እንዲህ ያሉ ጥናቶች ናቸው።

ከዚህ ይበልጥ እኔን ያስገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ከካምብሪጅ የወጣው ነው። እዚያ ግልገሎችን አቀያየሩ። ሆድ ውስጥ ሳሉ ፕሮቲን ያነሳቸውን ሲወለዱ በደንብ ለምትበላ እናት ሰጧቸው። እነዚህ በፍጥነት ክብደት ጨመሩ፤ ያየ ሰው «ተመስገን፣ አገገሙ» ይላል። ዕድሜያቸው ግን አጠረ። በተቃራኒው ሆድ ውስጥ ሳሉ ምንም ያልጎደለባቸው፣ ከተወለዱ በኋላ ግን ፕሮቲን ያነሳት እናት ያጠባቻቸው፣ ዘገም ብለው አድገው ረጅም ዕድሜ ኖሩ።

ይህ «እናት ትራብ» ማለት አይደለም! ነገሩ የአለመጣጣም ነው። ሆድ ውስጥ ለክፉ ዘመን የተሰናዳ ሰውነት በድንገት ጥጋብ ሲገጥመው ግራ ይገባዋል። ለድርቅ የተዘራ ዘር ላይ ጎርፍ እንደመልቀቅ ነው።

አይጥ ሰው ነው እንዴ?

አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ዜናዎቹ የሚዘሉት ይህንን ነው።

የአይጥ ግልገል ሲወለድ ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ፀጉር የሌለው ነው። የረሃብና ጥጋብ ነርቮቹ የሚዘረጉት ከተወለደ በኋላ፣ ጡት በሚጠባባቸው ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። በሰው ልጅ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ሆድ ውስጥ፣ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ነው። ስለዚህ የአይጧ የማጥባት ጊዜ ከእኛ የእርግዝና መጨረሻ ጋር ይቀራረባል። የአይጡን ውጤት በቀጥታ ወደ ሰው ጡት ማዞር የቀን መቁጠሪያ ማምታታት ነው።

ሌላም አለ። በላቦራቶሪ «ቅባት የበዛበት» የሚባለው ምግብ ከካሎሪው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከስብ የሚመጣ ነው፤ አይጧም በየዕለቱ ከሱ ሌላ አትበላም። የአራስ ገንፎ መሃል ያለው ቅቤ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

በሰው ላይስ የታወቀ ነገር የለም?

አለ፤ ግን እንደ አይጡ ጥርት ያለ አይደለም። ሰውን እንደ አይጥ አቀያይሮ ማጥባት አይቻልማ።

በመጠን ትልቁ ሙከራ ቤላሩስ ውስጥ የተደረገው ነው። ከ1996 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ31 ሆስፒታሎች 17,046 እናትና ልጆች ተመዘገቡ። በከፊሎቹ ሆስፒታሎች እናቶች ጡት ማጥባትን እንዲቀጥሉ ጠንካራ ድጋፍ ተደረገ፣ እነሱም ረዘም ላለ ጊዜና ጡት ብቻ አጠቡ። ልጆቹ በልጅነታቸው ሁሉ ክትትል ተደረገላቸው። ድጋፉ በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ኢንፌክሽንን ቀነሰ። ውፍረትን ግን አልቀነሰም። ጡት ማጥባት ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ «ልጄን ከውፍረት ያድንልኛል» ብሎ ሁሉን ተስፋ እሱ ላይ መጣል ግን አይሆንም።

ስለ እናት ምግብ የተደረጉትም እንዲሁ ልክ ያስይዛሉ። ዴንማርክ ውስጥ የሚያጠቡ እናቶች ለአራት ወር የዓሣ ዘይት ወሰዱ። ኦሜጋ 3 ስለሆነ መልካም ነገር ተጠብቆ ነበር። ልጆቹ 7 ዓመት ሲሞላቸው ሲለኩ የወንዶቹ የደም ግፊት እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ዓሣ እንድንፈራ አያደርገንም። «ጥሩ ነገር ከሆነ ብዙ ይሻላል» የሚለውን ግን ያጠራጥራል።

ስኳር ላይ አንድ ነገር ይታወቃል። ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር በወተት ውስጥ በተፈጥሮ እምብዛም የለም። እናቶች 65 ግራም ስኳር ያለበት ለስላሳ ከጠጡ በኋላ ግን ወተታቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ለ5 ሰዓት ቆይቷል። በሌላ ጥናት ወተታቸው ውስጥ ፍሩክቶስ በዛ ያለባቸው እናቶች ሕፃናት በ6 ወራቸው ስብ በዛ ብሎባቸው ታይቷል። መዛመዱ ታይቷል እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ አልተረጋገጠም። ቢሆንም ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ከለስላሳው የሚቀርባት ነገር የለም።

ረሃብና ጥጋብ ሲለዋወጡስ?

ይህ ጥያቄ እኛን ይነካል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ልጆች፣ ካደጉ በኋላ ሲለኩ፣ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል። ያ ዘመን ልጁ ገና የሚጠባበት ወይም ጡት የሚጥልበት ነው። የሰውነት ማስታወሻ ይህን ያህል ይረዝማል።

ሌላው ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ሲሄዱ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በወጣቶቹ ጭምር፣ በብዛት ታየ። ምግቡ ተለወጠ፣ እግር ጉዞው ቀረ። ብዙ ተመራማሪዎች ከዚህ ላይ ያንኑ የአለመጣጣም ሐሳብ ያክሉበታል፤ በልጅነቱ ጥቂት የለመደ ሰውነት ትልቅ ሲሆን ብዙ ሲመጣበት። ማጥባት የዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው እንጂ ሰንሰለቱ በሙሉ አይደለም።

ጾምስ?

የሚያጠቡ እናቶች በእስልምና የረመዳንን ጾም አቆይተው እንዲያወጡት ተፈቅዶላቸዋል። በኦርቶዶክስም የንስሐ አባቶች ለሚያጠቡ ያላላሉ። ብዙ እናቶች ግን አይጠቀሙበትም፤ «እንዴት እኔ ብቻ በሁዳዴ ወተት ልጠጣ?» ይላሉ። በትግራይ ገጠር የሚያጠቡ እናቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሁዳዴ ጊዜ ከክብደት በታች የሚሆኑት እናቶች ቁጥር ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ለወተቱ ዋናው ሥጋት ቢ12 ነው። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ሽሮና ጎመን ውስጥ የለም። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ አንድ ጾም ብዙ አይጎዳም። በፍስኩም እንቁላል የማታይ እናት ግን ጓዳዋ መጀመሪያውኑ ባዶ ነው። ሕንድ፣ ፑኔ ውስጥ በእርግዝና ጊዜ ቢ12 ያነሳቸውና ፎሌት (ሌላው የቢ ቫይታሚን) የበዛላቸው እናቶች ልጆች በ6 ዓመታቸው ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ይበልጥ ደንዝዞ ተገኝቷል። ይህ ስለ እርግዝና ነው፣ ስለ ማጥባት አይደለም። ሆኖም የጾም ምግብ የሚያዘወትር ማኅበረሰብ ልብ ሊለው ይገባል።

እሺ፣ እመጫት ምን ትብላ?

ከወትሮው ሁለት ጊዜ ጨምራ ትብላ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚነግሯትም ይህንኑ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝ ዓሣና ጉበት። ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን። ገንፎውም ይቀጥል፤ ቅቤው በልክ ከሆነ ጥፋት የለበትም። አጥሚቱም ፈሳሽና ጉልበት ይሰጣታል፤ ማሩን ቀነስ ማድረግ ነው። ሕፃኑ ግን ቅቤ አይላስ፤ እሱ የሚያስፈልገው እንገሩ ነው።

ስኳር በሽታ ያለባት ወይም በእርግዝና ጊዜ የታየባት እናት ብታጠባ ለራሷም ይጠቅማታል፤ ከወለደች በኋላም የደም ስኳሯን ማስመርመር አትርሳ።

ከቤቱ ስንወጣ በር ሥር አንድ ካሳ ማልት ተደርድሮ አየሁ፤ ጠያቂዎች ያመጡት ነው። ማልት ወተት ያመጣል ይባላል። ወተት የሚያመጣው ግን ያ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የተኛው ሕፃን ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃና ስኳር ነው። እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም። ሁለት ትሪ እንቁላል ይዤ ነበር፤ አማትየው ተቀብለው «ይኼ ነው እንጂ!» አሉና ወዲያው ወደ ማድ ቤት ይዘውት ገቡ።